የፈጣሪን ስም ደብቆ ሳይንስ ክፍል መግባት

አማኝ ነኝ። ዓለም ፈጣሪ አላት ብዬ አምናለሁ፤ እጸልያለሁ፤ ልጆቼንም የማስተምራቸው ይህንኑ ነው። ይህን ከወዲሁ የምናገረው ለመመጻደቅ አይደለም። ቀጥሎ የምለውን አንብቦ «ይሄማ የካደ ነው» ሊል የተዘጋጀ ሰው በከንቱ እንዳይደክም ብዬ ነው። የምለው ደግሞ ይሄ ነው፦ ዓለም ከጥቂት ሺህ ዓመታት በፊት በስድስት ቀን ተፈጠረች፣ እያንዳንዱ የእንስሳ ዓይነትም አሁን ባለው መልኩ ለየብቻው ተሠራ የሚለው ትምህርት በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ቦታ የለውም።

ይህን አቋም አብዛኛው ሰው የሚይዘው ለሳይንስ ተቆርቁሮ ነው። «ሳይንስ አይደለም፣ ስለዚህ አይግባ» ይላሉ። ልክ ናቸው። እኔን ግን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የእምነቱ ጉዳይ ነው። እምነት እዚያ ክፍል ሲገባ ምን ይሆናል? በር ላይ ምን አስረክቦ ነው የሚገባው? ይህን ጥያቄ ከየትኛውም የፍልስፍና ክርክር በላይ አንድ የፍርድ ቤት መዝገብ በደንብ ይመልሰዋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዶቨር በአሜሪካ ፔንስልቬኒያ ግዛት የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። በኦክቶበር 2004 የአካባቢው የትምህርት ቦርድ በ6 ለ3 ድምፅ አንድ ውሳኔ አሳለፈ። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች የዝግመተ ለውጥን ምዕራፍ ከመጀመራቸው በፊት አጭር መግለጫ ሊነበብላቸው ሆነ። መግለጫው የዳርዊን ሐሳብ ክፍተት አለበት ይላል። ስለ ሕይወት አመጣጥ ሌላ ማብራሪያ አለ፣ ስሙም «ኢንተለጀንት ዲዛይን» ይባላል ይላል። ማወቅ ለሚፈልግ መጽሐፍ እንዳለም ይጠቁማል። በቃ ይሄው ነው። ለማንበብ ብዙ ደቂቃ አይፈጅም።

የሳይንስ መምህራኑ ግን አናነብም አሉ። ሳይንስ ያልሆነውን ሳይንስ ነው ብለን ለተማሪ አናቀርብም ብለው በጽሑፍ አሳወቁ። ስለዚህ በጃንዋሪ 2005 አስተዳዳሪዎቹ ራሳቸው ክፍል እየገቡ አነበቡት። 11 ወላጆች ቦርዱን ከሰሱ። ጉዳዩም ፌዴራል ፍርድ ቤት ቀረበ።

ኢንተለጀንት ዲዛይን የሚለው ባጭሩ እንዲህ ነው። አንዳንድ ሕያው ነገሮች እጅግ የተወሳሰቡ ናቸው። ባክቴሪያ እየተሽከረከረ የሚያስዋኘውን ጭራ ይጠቅሳሉ። እንዲህ ያለ ነገር ደረጃ በደረጃ፣ ቀስ በቀስ ሊመጣ አይችልም፤ ስለዚህ አንድ ብልህ ነዳፊ አለ ይላሉ። ነዳፊው ማን ነው? እሱን አንናገርም።

ለምን አይናገሩም? ነገሩ ወዲህ ነው። በ1987 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሉዊዚያና ግዛትን አንድ ሕግ በ7 ለ2 ድምፅ ሽሮ ነበር። ሕጉ ዝግመተ ለውጥን የሚያስተምር ትምህርት ቤት «የፍጥረት ሳይንስ» የሚባለውንም አብሮ ያስተምር የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ ይሄ ሃይማኖት ነው፣ መንግሥት በሕዝብ ትምህርት ቤት ሃይማኖት ሊያስተምር አይችልም አለ። ከዚያ ወዲህ «ፈጣሪ» የሚለው ቃል ለመግባት የሚያስቸግር ቃል ሆነ።

በዶቨር ችሎት ላይ ለተማሪዎቹ የተጠቆመው መጽሐፍ የቀድሞ ረቂቆች በማስረጃነት ቀረቡ። ከ1987ቱ ውሳኔ በፊት የነበሩት ረቂቆች ስለ ፍጥረት በግልጽ ያወራሉ። ከውሳኔው በኋላ በተዘጋጁት ላይ ዐረፍተ ነገሮቹ እንዳሉ ናቸው። «ፍጥረት» የነበረው «ዲዛይን» ሆነ እንጂ ሐሳቡ ፈቅ አላለም። እንዲያውም አንድ ቦታ ላይ የሚተካው ሰው ሳይጠነቀቅ ቀርቶ፣ የአሮጌው የእንግሊዝኛ ቃል ፊትና ጀርባ በአዲሱ ግራና ቀኝ ተጣብቆ ተገኘ። መቼም ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

መጀመሪያ ሳነበው ሳቅኩ። ቆይቶ ግን ከነከነኝ። ለአምላክ ቆመናል የሚሉ ሰዎች ስሙን ከየዐረፍተ ነገሩ እየለቀሙ አወጡት። ጴጥሮስ እሳት ዳር ሆኖ «አላውቀውም» ያለው ሞት ፈርቶ ነው። እነዚህ ደግሞ በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ቦታ ለማግኘት ብለው ነው። ይሄ እምነትን ማስከበር ከሆነ እኔ አልገባኝም።

ሌላም አለ። የኢንተለጀንት ዲዛይን ዋና ምስክር ሆነው የቀረቡት ባዮኬሚስቱ ማይክል ቢሂ ነበሩ። ሳይንስ ለሚባለው ነገር የሚሰጡት ትርጓሜ ኢንተለጀንት ዲዛይንን እንዲያቅፍ ሰፋ ተደርጎ ነበር። የከሳሾቹ ጠበቃ «በዚህ ትርጓሜ ኮከብ ቆጠራም ይገባል?» ብለው ጠየቁ። ቢሂ አዎ አሉ። እስቲ አስቡት። ለፈጣሪ መግቢያ ይሆናል ተብሎ የተሰፋው በር ለኮከብ ቆጣሪውም በቃ።

በጣም ያሳዘነኝ ግን የመጨረሻው ነው። መጽሐፉ ለትምህርት ቤቱ በስጦታ ነበር የገባው። ገንዘቡ ከየት መጣ ተብለው ሲጠየቁ አንዳንድ የቦርዱ አባላት እውነቱን ደበቁ። በኋላ እንደተረጋገጠው ገንዘቡ የተሰበሰበው ከቤተ ክርስቲያን ምእመናን ነው። ዳኛው ጆን ጆንስ በፕሬዚዳንት ጆርጅ ደብልዩ ቡሽ የተሾሙ ናቸው፤ ሃይማኖት ጠል የሚባሉ ሰው አይደሉም። በዲሴምበር 20 ቀን 2005 ባወጡት 139 ገጽ ውሳኔ ላይ ይህንኑ አንስተዋል። በሃይማኖታቸው በአደባባይ የሚኮሩ ሰዎች ዓላማቸውን ለመሸፈን ደጋግመው መዋሸታቸው ገርሟቸዋል። እምነትን ለማስተማር ሲባል በመሐላ መዋሸት! «በሐሰት አትመስክር» የሚለውን የትኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ሊያስተምሩት ነበር?

ቦርዱ ተረታ። ከውሳኔው ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ በተካሄደው ምርጫ ፖሊሲውን የደገፉት ለውድድር የቀረቡ አባላት በሙሉ ወንበራቸውን አጥተው ነበር። አዲሱ ቦርድ ይግባኝ አልጠየቀም። ለከሳሾቹ ጠበቆች አንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተከፈለ።

ዶቨር የመጀመሪያው አልነበረም። በ1925 በቴነሲ ግዛት ጆን ስኮፕስ የተባለ የ24 ዓመት መምህር ዝግመተ ለውጥን አስተምረሃል ተብሎ 100 ዶላር ተቀጥቷል፤ ማስተማሩን የከለከለው የግዛቱ ሕግ የተሻረው በ1967 ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የተከለከለው ዝግመተ ለውጥ ነበር። ክልከላው በፍርድ ቤት ሲወድቅ «ሁለቱም እኩል ይማሩ» መጣ። እሱም ሲወድቅ ኢንተለጀንት ዲዛይን ተወለደ። ጉዳዩ የአሜሪካ ብቻም አይደለም። ቱርክ በ2017 የዝግመተ ለውጥን ምዕራፍ ከዘጠነኛ ክፍል ትምህርት አውጥታለች። የአውሮፓ ምክር ቤት የፓርላማ ጉባኤም በ2007 የፍጥረት ትምህርት በሳይንስነት እንዳይሰጥ የሚያሳስብ ውሳኔ አሳልፏል።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ። ሳይንስ ክፍል ውስጥ ምን ይሠራል?

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ሰው በሕዋሱ ውስጥ 23 ጥንድ ክሮሞዞም፣ ማለትም ጂን የሚሸከም ክር፣ አለው። ቺምፓንዚ፣ ጎሪላና ኦራንጉታን 24 ጥንድ አላቸው። ዝግመተ ለውጥ ሁሉም ከአንድ የጋራ ቅድመ አያት መጡ ይላል። እንግዲያው አንዱ ጥንድ የት ገባ? እንዲሁ ሊጠፋ አይችልም፤ በውስጡ ብዙ አስፈላጊ ጂን አለ። ስለዚህ የሚቀረው አንድ ግምት ነው፤ በሰው የዘር ሐረግ ላይ ሁለት ክሮሞዞሞች ተጋጥመው አንድ ሆነዋል። ይህ ግምት ሊፈተሽ ይችላል። እያንዳንዱ ክሮሞዞም ጫፉ ላይ ቴሎሚር የሚባል የተለየ ምልክት አለው። ሁለት ክሮሞዞሞች ተጋጥመው ከሆነ የጫፍ ምልክቱ መሐል ላይ መገኘት አለበት። ሲታይም ተገኘ። የሰው ክሮሞዞም ቁጥር 2 መሐሉ ላይ የጫፍ ምልክት አለው፤ እያንዳንዱ ክሮሞዞም አንድ ማዕከል (ሴንትሮሚር) ሲኖረው፣ ይሄ ሥራ ያቆመ የሁለተኛ ማዕከል ቅሪትም አለው። ባይገኝ ኖሮ ዝግመተ ለውጥ ከባድ ችግር ውስጥ ይገባ ነበር።

ይህን ማስረጃ በዶቨር ችሎት ያስረዱት የከሳሾቹ የመጀመሪያ ምስክር ኬኔት ሚለር ናቸው። ሚለር የሕዋስ ሥነ ሕይወት ባለሙያ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ካቶሊክም ናቸው።

ሌላው ምሳሌ ቲክታሊክ የሚባለው የጥንት ዓሣ ቅሪተ አካል ነው። ተመራማሪዎች አንድ ጥያቄ ነበራቸው። ከዓሣ ወደ ባለ አራት እግር እንስሳ የተደረገው ሽግግር የት ይገኛል? በዕድሜ ቀደም ባሉ ድንጋዮች ውስጥ ዓሣ ብቻ አለ፤ በኋለኞቹ ውስጥ ባለ እግር እንስሳት አሉ። ስለዚህ መሐል ላይ ያለ፣ 375 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ የሆነው፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ የተፈጠረ ድንጋይ ይፈለግ ተባለ። ካርታ አገላብጠው በካናዳ አርክቲክ እንዲህ ያለ ድንጋይ አገኙ። ዓመታት ፈጀ። በ2004 የፈለጉት ተገኘ። ቅርፊትና ክንፍ ያለው ዓሣ ነው፤ ግን አንገት አለው፣ ክንፉ ውስጥም የእጅ አንጓን የሚመስሉ አጥንቶች አሉ። ሐሳቡ የት እንደሚቆፈር ነገራቸው፣ ቆፈሩ፣ አገኙ።

እዚያ ክፍል የሚገባ ሐሳብ ለመውደቅ መድፈር አለበት። «ይህን ብታገኙ ተሳስቻለሁ» ማለት አለበት። አሁን ራሴን ልጠይቅ። ፈጣሪ አለ የሚለውን እምነቴን የሚያስተወኝ የላብራቶሪ ውጤት አለ? የለም። እምነቴ የቆመው እዚያ ላይ አይደለም። ከሆነ ደግሞ ለፈተና አቅርቤዋለሁ ማለት ማስመሰል ነው። ሊፈተሽ የሚችለው ዓይነት የፍጥረት ትምህርትስ? እሱ ተፈትሿል። ምድር ከ10 ሺህ ዓመት በታች ናት የሚለው አባባል ይለካል። በድንጋዮችና በሜትዮራይቶች ውስጥ ያሉት ሬዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች የሚሰጡት ዕድሜ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ስለዚህ የፍጥረት ትምህርት ሳይንስ ክፍል ውስጥ ሁለት ዕጣ ብቻ ነው ያለው። ወይ አይፈተሽም፣ ወይ ተፈትሾ ወድቋል። ለልጄ እምነት ሁለቱንም አልመኝም።

ይህ ስጋት የእኔ ብቻ አይደለም። ቅዱስ አውግስጢኖስ ከ1,600 ዓመት በፊት ተመሳሳይ ነገር ጽፈዋል። ክርስቲያን ስለ ሰማይና ምድር፣ ስለ ከዋክብት እንቅስቃሴ መጽሐፍን እየጠቀሰ የማይሆን ነገር ቢናገር፣ የሚያውቅ ሰው ይስቅበታል። ከዚያ በኋላ ስለ ትንሣኤ የሚነግረውን ማን ያምነዋል? የሚል ነው ነገራቸው። ልጅን እምነትህ የቆመው በምድር ዕድሜ ላይ ነው ብሎ ማሳደግ ከባድ ቁማር ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የድንጋዩን ዕድሜ ራሱ ሲለካ ሁለቱንም በአንድ ቀን ይጥላቸዋል።

«ሁለቱንም አስተምሩና ልጆቹ ይምረጡ» የሚል ክርክር አለ። ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል። ግን የትኞቹን ሁለት? ከመጽሐፍ ቆጥረው የደረሱበትን እንኳ ብንወስድ፣ የአየርላንዱ ሊቀ ጳጳስ ጄምስ አሸር ፍጥረትን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4004 ያደርጉታል። የአይሁድ አቆጣጠር በ3761፣ የባይዛንታይኑ በ5509 ይጀምራል። 5500 ዘመን ብሎ የሚቆጥርም አለ። ምድር ቢሊዮን ዓመት እንዳላት ተቀብሎ እንስሳት ግን ለየብቻ ተፈጠሩ የሚል ደግሞ ሌላ ወገን ነው። ገና ከአንድ የሃይማኖት ቤተሰብ አልወጣንም። የባዮሎጂ መምህሩ በማን ይፍረድ? ደግሞስ ማን ሾመው? እኔ የልጄን ሃይማኖት የማላውቀው የሳይንስ መምህር እንዲያብራራልኝ አልፈልግም። ሌላ እምነት ያለው ከሆነ በራሱ መንገድ ያብራራል፤ የማያምን ከሆነ ያሾፋል።

የሃይማኖቶችን የፍጥረት ትረካ በታሪክ ወይም በሥነ ምግባር ክፍለ ጊዜ ማስተማር ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ ላይ ክርክር የለኝም።

ወደ መምህራን ልምጣ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሱት እነሱ ናቸው። እኔ ስማር የባዮሎጂ መምህራችን ዝግመተ ለውጥ ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ተቀየረ። «ይሄ ለፈተና ነው፤ ቸክላችሁ ጻፉ፣ ልባችሁ ውስጥ አታስገቡት» አሉን። ክፍሉ ሳቀ። ቸከልን፣ ጻፍን፣ ረሳን። ሰውዬው ጥሩ ሰው ነበሩ፤ ክፋት አልነበራቸውም። ግን ምን አስተማሩን? ትምህርት ቤት ማለት ያላመኑበትን ጽፎ ማለፍ ነው የሚለውን አስተማሩን። ይሄ ለሳይንስም ለሃይማኖትም አይበጅም።

እሳቸው ብቻ አይደሉም። በ2011 በታተመ አንድ ጥናት ከ900 በላይ የአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህራን ተጠይቀው ነበር። ዝግመተ ለውጥን በሚገባ የሚያስተምሩት 28 በመቶ ብቻ ናቸው። 13 በመቶ ገደማው የፍጥረት ትምህርትን በግልጽ ይደግፋሉ። የቀሩት 60 በመቶ የሚሆኑት ጭቅጭቅ ሽሽት ለዘብ አድርገው፣ ሸፋፍነው ያልፋሉ። ስለዚህ ፍርድ ቤት ማን አሸነፈ ማን ተሸነፈ ስንል፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ ክፍሉ ውስጥ የሚሆነው ሌላ ነው።

እና አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ እኛ እኮ እግዚአብሔር ፈጠረን ነው የምናምነው» ቢልስ? ዝም በል ይባላል? በሴፕቴምበር 2008 በእንግሊዝ ይህን ያነሱ ሰው ነበሩ። ማይክል ሪስ ባዮሎጂስት ናቸው፣ የአንግሊካን ቄስም ናቸው፤ በወቅቱ የሮያል ሶሳይቲ፣ ማለትም የብሪታንያ የሳይንስ አካዳሚ፣ የትምህርት ዳይሬክተር ነበሩ። ያሉት የፍጥረት ትምህርት በሳይንስነት ይሰጥ አይደለም። ተማሪ ሲጠይቅ መምህሩ በአክብሮት ይወያይ፣ ሳይንስ ለምን እንደማይቀበለው ያስረዳ ነው። ወሬው ግን ተጣሞ ወጣ፤ ጫጫታ ተነሣ፤ በቀናት ውስጥ ኃላፊነታቸውን ለቀቁ። በዚህ እኔ ከሪስ ጋር ነኝ። ልጁን ዝም ማሰኘት እዚህ ቤት የሚፈራ ነገር አለ ብሎ መንገር ነው። መልሱ ረጅም መሆን የለበትም። «ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙ ሳይንቲስቶችም በአምላክ ያምናሉ። እዚህ የምናየው ግን በመለካትና በመመርመር የደረስንበትን ነው። ሌላውን ከወላጆችህና ከሃይማኖት አባቶችህ ጋር ተወያይበት።» አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ልጁ አልተዋረደም፣ ትምህርቱም አልተጣመመም።

ሚዛኑ ግን ለሁለቱም ወገን ይሠራል። «ዝግመተ ለውጥ እውነት ነው፣ ስለዚህ አምላክ የለም» የሚል መምህርም ከክፍሉ ወሰን ወጥቷል። ክሮሞዞም ቁጥር 2 ስለ አምላክ መኖር የሚናገረው ነገር የለም። የዘመናዊ ጄኔቲክስ አባት የሚባሉት ግሪጎር ሜንዴል መነኩሴ ነበሩ። ዝግመተ ለውጥን ከጄኔቲክስ ጋር ካዋሐዱት አንዱ ቴዎዶሲየስ ዶብዣንስኪ፣ ያለ ዝግመተ ለውጥ በባዮሎጂ ትርጉም የሚሰጥ ነገር የለም ሲሉ በ1973 ጽፈዋል፤ ምእመን ኦርቶዶክስም ነበሩ።

ከሁሉ የምወደው ግን የቤልጂየማዊው ቄስ ጆርጅ ለሜትር ታሪክ ነው። ለሜትር ዛሬ ቢግ ባንግ የምንለውን ሐሳብ መሠረት የጣሉ የፊዚክስ ሊቅ ናቸው። በ1951 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መሪ የነበሩት የሮማው ጳጳስ ፒዮስ 12ኛ በአንድ ንግግራቸው ይህን ግኝት ከዘፍጥረት «ብርሃን ይሁን» ጋር አያያዙት። ቄሱ ደስ ይላቸዋል ትላላችሁ፤ የራሳቸው ሥራ በጳጳሱ አንደበት ለፈጣሪ ምስክር ሆነ። ለሜትር ግን አልተመቻቸውም። ሥራቸው ፊዚክስ ነው፣ ነገ ሊሻሻል ወይም ሊወድቅ ይችላል፤ እምነት በዚህ ላይ መደገፍ የለበትም ባይ ነበሩ። ጳጳሱ ከዚያ በኋላ ነገሩን በዚያ መልክ አልደገሙትም። ጠዋት ቀድሰው ከሰዓት የዩኒቨርስን መስፋፋት የሚያሰሉ ሰው ሁለቱን የሚያገናኝ ድልድይ አልፈለጉም።

ተማሪ ሆነህ ይህን የምታነብ ከሆነ፣ ምናልባት የሚያስጨንቅህ ከዚህ ሁሉ ፈተናው ነው። ከእምነትህ ጋር የማይሄድ መልስ መጻፍ ክህደት መስሎህ ይሆናል። ጥያቄውን ደግመህ አንብበው። «ታምናለህ ወይ?» አይልም። «የሰውና የቺምፓንዚ ክሮሞዞም ልዩነት ምንን ያሳያል? ማስረጃው ምንድን ነው?» ነው የሚለው። ተምረኸዋል፣ መልሱን ጻፍ። ከሥር «እኔ ግን በዚህ አልስማማም» ብለህ ማከል ካማረህም አክል። መምህርህ ለእሱ ነጥብ ሊጨምሩልህም ሊቀንሱብህም አይገባም።